ፍሬሽማን ላይ እያለሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይሆን ቤቴ ቀረሁ፤ ዲፓርትመንት በምን ልምረጥ?

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጎንደር፤ ግንቦት 2012)

ጤና ይስጥልኝ። የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን ተማሪ ነኝ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ከሌላ ከተማ ወደ ወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። መምህራን ሞጁሉን በቴሌግራም ይልካሉ፤ ያለኝ አንድ ስልክ ነው፣ እሱንም ከታናሽ ወንድሜ ጋር እንጋራለን። ወደ ግቢ ስንመለስ ዲፓርትመንት ምረጡ መባላችን አይቀርም። ሎጂክን ወድጄው ነበር። ፊዚክስን ግን ከቤት ሆኜ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኑን ማየት አስጠልቶኛል፤ ትምህርቱን ይሁን አቀራረቡን የጠላሁት መለየት አቃተኝ። አባቴ «ጤና አጥኚ፣ እንጀራ አታጪም» ይላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከኮምፒውተር ሳይንስ ውጭ ሌላ ትምህርት ያለ አይመስለውም። ታላላቆቼ፣ እንዴት ልወስን?

መልስ (መምህር፣ ማራኪ)

ልጄ፣ በፊዚክስ ላይ ለመፍረድ አትቸኩዪ። ከመጋቢት በፊት በክፍል ከተማርሽው አንድ ምዕራፍ፣ ቬክተር ይሁን፣ ጥቂት ጥያቄዎች አውጥተሽ መልሱን ሳታዪ ሥሪ። ቀጥለሽ ከቤት ሆነሽ ካነበብሽው ምዕራፍ እንዲሁ አድርጊ። የፊተኛው ሄዶልሽ የኋለኛው ከቆመብሽ ፊዚክስ ምን በደለ? በትንሽ ስልክ ላይ ቀመር እያጎሉ ማንበብ ማንንም ያስመርራል። ሁለቱም እኩል ከከበዱሽ ግን ምሕንድስናን ከዝርዝርሽ አናት ላይ ከማስቀመጥሽ በፊት ደግመሽ አስቢበት።

ሌላው፣ የዲፓርትመንት ስም ያሳስታል። ተማሪዎቼ ሲመርጡ የማየው ትልቁ ጣጣ ይህ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚገባ ልጅ ኮምፒውተር መጠቀም የሚማር ይመስለዋል፤ የሚጠብቀው ግን ዲስክሪት ሒሳብ (የተነጣጠሉ ነገሮች ሒሳብ)፣ አልጎሪዝም (ችግርን ደረጃ በደረጃ መፍቻ መንገድ) እና ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ነው። ሎጂክ መውደድሽ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሆኖም የፍሬሽማኑ ሎጂክ በአብዛኛው የሙግትንና የተሳሳተ አስተሳሰብን ጉዳይ ያነሣል፣ በዲስክሪት ሒሳብ ያለው ደግሞ በምልክት የሚሠራ ነው። ከከፍተኛ ተማሪዎች የሦስተኛ ዓመት የኮርስ ዝርዝርና የአንዱን ኮርስ ማስታወሻ አስልኪ። የመጀመሪያውን ዓመት አትጠይቂ፤ እሱ የትም ቢሆን ይመሳሰላል። ፋይሉን በሌሊት ጥቅል አውርጂው፣ ይረክስልሻል።

መልስ (የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ)

አባትሽ «ጤና» ሲሉ ሐኪምና ነርስ ብቻ እንዳይሆን የታያቸው። ከቤት ሳትወጪ ራስሽን የምትፈትኚበት ነገር ልስጥሽ። የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን መግለጫ ደብተር ላይ መዝግቢ፤ በአንድ ዓምድ የተመረመሩትን፣ በሌላው ቫይረሱ የተገኘባቸውን። ለምሳሌ 1,000 ሰው ተመርምሮ 10 ቢገኝ 1 በመቶ ነው። በማግስቱ 2,000 ተመርምሮ 20 ቢገኝ «በእጥፍ ጨመረ» ተብሎ ሰፈሩ ይናወጣል፤ ድርሻው ግን ያው 1 በመቶ ነው። ቀጥሎ የተመረመሩት እነማን ናቸው ብለሽ ጠይቂ። ከሱዳን በመተማ በኩል ገብተው ለይቶ ማቆያ ያሉ ሰዎች ከሆኑ ቁጥሩ ስለ ጎንደር ፒያሳ ነዋሪ ብዙ አይነግርሽም። ይህን ስትሠሪ ሰዓቱ ሳይታወቅሽ ከሄደ ኅብረተሰብ ጤናንና ስታትስቲክስን በቁም ነገር እያቸው። ከሰለቸሽም አንድ ነገር ከዝርዝርሽ ወጣ ማለት ነው።

መልስ (ተመራቂ ተማሪ)

ሁሉም ስለ ዝንባሌ ነገረሽ፤ እኔ ስለ ነጥብ ልንገርሽ። ፈላጊው ሲበዛ ምደባው በአብዛኛው የሚታየው በፍሬሽማን ውጤትና በመግቢያ ፈተና ነው፤ የየአንዳንዱ ክብደት እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ስለዚህ የእናንተን ከሬጅስትራር አጣሪ። ደግሞም አንደኛ ምርጫቸውን ወር ሙሉ ሲያሰላስሉ ከርመው ሦስተኛውንና አራተኛውን በዘፈቀደ የሚሞሉ ብዙ ናቸው። ስንቱ የተመደበው እዚያው በዘፈቀደ በሞላው ላይ ነው! አሁን የሚያስጠላሽን ፊዚክስም ጨርሺው፤ ውጤቱ ለማትወጂው ብቻ ሳይሆን ለምትወጂው ትምህርትም ይቆጠራል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቬክተሩን ሞከርኩ፣ ደህና ሠራሁ፤ የከቤቱ ምዕራፍ ግን ጭራሽ አልገባኝም። የሪፖርቱንም መዝገብ ጀምሬአለሁ፣ ወንድሜ ሳይቀር አጋዤ ሆኗል። ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ ሰው ኦፕቶሜትሪ አለኝ፤ የዓይን ሐኪም ማለት ነው? ስታትስቲክስስ ያለ ላፕቶፕ ይሆናል?

መልስ (የዓይን ክፍል ባለሙያ)

አይደለም እህቴ፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ቀዶ ጥገና የሚሠራው በሕክምና ተመርቆ በዓይን ስፔሻላይዝ ያደረገው ሐኪም ነው። ኦፕቶሜትሪስት የዕይታን ጉድለት ይለካል፣ መነጽር ያዛል፣ ሕመም ሲያገኝ ወደ ሐኪሙ ይልካል። በሙከራ ፍሬም ላይ ሌንስ እየቀያየርሽ «ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» ስትዪ ትውያለሽ፤ አንዳንዱ ታካሚ ደግሞ ላለማስቀየም ብሎ ሁሉንም «ይሻላል» ይልሻል። ትዕግሥት ይጠይቃል። ብርሃን በሌንስ ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያስረዳው ፊዚክስም እዚህ ይከተልሻል፤ ከቬክተሩ ካልተጣላሽ አያስፈራሽ። ትምህርቱ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲሰጥ የቆየ ነው። ከቀድሞ ተመራቂ ጋር በስልክ ማውራት ከፈለግሽ አገናኝሻለሁ። የሆስፒታሉን ጉብኝት ግን ለጊዜው ተዪው፤ በዚህ ሰዓት ያለ ጉዳይ እንድትመጪ አልመክርሽም።

መልስ (ተመራቂ ተማሪ)

ላፕቶፑን በተመለከተ፦ መጀመሪያ ላይ የግቢው ኮምፒውተር ክፍል ያደርስሻል፤ በኋላ ለመመረቂያ ጽሑፍ ስትደርሺ የራስሽ ቢኖር ይመረጣል። እስከዚያው የመዘገብሽውን ቁጥር ስልክሽ ላይ ወዳለ ኤክሴል አስገቢና መቶኛውን በቀመር አሠሪው። ስልኩን ከወንድምሽ የምትረከቢበትን ሰዓት ግን ቀድማችሁ ተስማሙ።