ዴቪል ዳገርስ ብሩን ያወጣል? አንድ ሜዳ ብቻ ነው ያለው

ቢኒ_ጌም፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ዴቪል ዳገርስን የተጫወተ አለ? 2016 ላይ የወጣ ሹተር (የተኩስ ጌም) ነው፣ ስቲም (ጌም የሚሸጥበት ድረገጽ) ላይ እያየሁት ነበር ግን ታሪክ የለው ሌቭል የለው፣ ጨለማ ሜዳ ላይ ቆመህ እስክትሞት መተኮስ ብቻ ነው፣ ቪዲዮዎቹ ላይ ደሞ አብዛኛው ሰው ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ነው የሚሞተው። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲገዛልኝ ልለምን ስለሆነ በትክክል ንገሩኝ፣ ያዋጣል?

ጥቁር_ጆይስቲክ፦
ታሪክ ከፈለግክ ተወው። እዚህ ጌም ላይ የሚቆጠረው ስንት ሰከንድ እንደቆየህ ብቻ ነው፣ አቺቭመንቱ (ጌሙ የሚመዘግብልህ ስኬት) ራሱ አንድ ነው፣ 500 ሰከንድ መቆየት። ግን ቀላል እንዳይመስልህ ብሮ፣ ክሊኩን ተጭነህ ከያዝከው ከእጅህ የሚተኮሰው ጩቤ ሳያቋርጥ ይወጣል፣ ነካ አድርገህ ከለቀቅከው ደሞ እንደ ሾትገን ባንዴ ይረጫል። ከጠላት የሚወድቀው ቀይ ፈርጥ ወዳንተ የሚሳበው መተኮስ ስታቆም ነው፣ ማለት ዙሪያህን ከበውህ እያለ ተኩስ ማቆም አለብህ፣ ለኔ የጌሙ ነፍስ እዚች ጋ ናት። 10 ስትሰበስብ እጅህ ይጠነክራል፣ ቀጥሎ 70 ላይ፣ ከጠላቶቹ አንዷን፣ ሸረሪቷን፣ ቶሎ ካልገደልካት ደሞ ፈርጡን እሷ ትወስደዋለች።

ማሂ21፦
ሄድፎን ከሌለህ ግን አትግዛው፣ የምሬን ነው። እያንዳንዱ ጠላት የራሱ ድምፅ ስላለው ከኋላህ የመጣውን ሳትዞር ታውቀዋለህ፣ በስፒከር ከተጫወትክ ግማሹ ጌም ቀረብህ። ሊደርቦርዱ (የውጤት ደረጃ ዝርዝሩ) ላይ ደሞ የአንደኞቹን ሙሉ ሪፕሌይ (የተጫወቱትን ቅጂ) ማየት ትችላለህ፣ እኔ ብዙውን የተማርኩት ከዛ ነው። የማልወድለት የጠላቶቹ አመጣጥ ቅደም ተከተል ሁሌ አንድ አይነት መሆኑን ነው፣ መጀመሪያው ላይ ደጋግመህ ስትሞት ይሰለቻል።

አቤል_ዘ4ኪሎ፦
እኔ አልስማማም፣ ለጀማሪ ዳውንዌል ይሻለዋል፣ 2015 የወጣ ነው፣ ለስልክም አለ። ጉድጓድ ውስጥ እየወረድክ በጫማህ ወደታች ትተኩሳለህ፣ ጥይትህ የሚሞላው መሬት ስትነካ ወይ ጠላት ስትረግጥ ነው፣ መሬት ሳትነካ ብዙ ከገደልክ ደሞ ኮምቦ (በተከታታይ ለመግደል የሚሰጥ ጉርሻ) ይሰጥሃል። ቀለሙ ጥቁር ነጭና ቀይ ብቻ ስለሆነ ቀይ ያለውን እንደማትረግጥ ወዲያው ይገባሃል። የሰራው አንድ ጃፓናዊ ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፔራ መዝፈን ነበር የተማረው፣ በጣም ነው የማደንቀው።

ቢኒ_ጌም፦
ሁለቱንም ልይ በቃ። ላፕቶፔ ግራፊክስ ካርድ የለውም ግን፣ ዴቪል ዳገርስ ይከፍታል?

ጥቁር_ጆይስቲክ፦
የኔም የለውም፣ ሬዞሉሽን ቀንሼ ነው የምጫወተው፣ አይንቀረፈፍም።