ጂኦሜትሪ ላይ ፕሩፍ ሲመጣ ልጆቹ ይጠፉብኛል፣ እንዴት ነው የምታስጀምሩት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የሃይስኩል ማትስ አስተምራለሁ። ልጆቹ አንግሉን ፈልጉ ስላቸው ቶሎ ያገኙታል፣ አረጋግጡ ስል ግን ክላሱ ጭጭ ይላል። ኤቢ እና ኤሲ እኩል የሆኑበት ትራያንግል ሰጥቼ አንግል ቢ እና አንግል ሲ እኩል መሆናቸውን አሳዩ ስላቸው አንዷ ጎበዝ ተማሪ "ቲቸር እኩል መሆናቸው እኮ ይታያል፣ ምኑን ነው የማረጋግጠው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌሎቹ ደግሞ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሸምድደው ፊደሉን ስቀይረው ግራ ይገባቸዋል።

መልስ 1፦
በሚታይ ነገር አታስጀምራቸው በቃ። እኔ ሁሉም የፈለገውን ዓይነት የተንጋደደ ባለ አራት ጎን ይስል፣ የየጎኑን መሃል ነጥብ ይዞ በተራ ያገናኝ እላለሁ። የሁሉም ፓራሌሎግራም፣ ማለትም ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ባለ አራት ጎን፣ ይወጣል (የቫሪኞን ቲዎረም የሚባለው ነው)። ደብተር ለደብተር ሲተያዩ "እንዴት ሊሆን ቻለ?" የሚለው ከራሳቸው ይመጣል፣ ያኔ አንድ ዲያጎናል (ከአንድ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ) አስምሩ ትላቸዋለህ፣ ሁለት ትራያንግል ይሆናል፣ በሁለቱም ውስጥ መሃል ነጥቦቹን የሚያገናኘው መስመር ከዲያጎናሉ ጋር ትይዩ ነው ርዝመቱም ግማሹ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች እርስ በርሳቸውም ትይዩና እኩል ናቸው፣ አለቀ። ፕሩፉን የፈለጉት እነሱ ስለሆኑ አይሰለቹም።

መልስ 2፦
ለሽምደዳው ደግሞ ከመጨረሻው ወደኋላ አስኪዳቸው። እስክሪብቶ ሳይነኩ በአፍ፦ ቢ እና ሲ እኩል ናቸው ለማለት ምን ቢኖረን ይበቃናል? ኮንግሩየንት (በቅርጽም በመጠንም አንድ የሆኑ) ትራያንግሎች። የታሉ? የሉም፣ እንፍጠራቸው። ከኤ አንግሉን እኩል የሚከፍል መስመር ቢሲ ላይ እስካለው ነጥብ ዲ ድረስ ሲያወርዱ ኤቢ ከኤሲ እኩል ነው፣ ኤ ላይ ያሉት ሁለቱ አንግሎች እኩል ናቸው፣ ኤዲ የጋራ ነው፣ ኤስኤኤስ (ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያለው አንግል እኩል ከሆኑ ትራያንግሎቹ ኮንግሩየንት ናቸው)። መጻፉ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ባለ ሁለት ዓምዱን (በአንዱ እርምጃው፣ በሌላው ምክንያቱ የሚጻፍበትን) ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ባታመጣው እመክራለሁ፣ ልጆቹ ሳጥን መሙላት ይመስላቸዋል።

ጠያቂ፦
ይሄ ወደኋላ የሚለውን ነገ እሞክረዋለሁ። ግን "አንግሉን እኩል ከፍሎ ቢሲ ላይም ቀጥ ብሎ (በ90 ዲግሪ) የሚያርፍ መስመር እንሳል" የሚሉኝስ?

መልስ 3፦
እሱን ስህተት ሰሌዳ ላይ ጻፈውና ክላሱ ይፈልገው፣ በጣም ጥሩ ስህተት ነው። መስመር ስትስል አንዱን ብቻ ነው መምረጥ የምትችለው፣ ሁለተኛው ራሱ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ ምንም መስመር የማይፈልገውን የጥንቱን የግሪክ የሂሳብ ሊቅ የፓፑስን ፕሩፍ አሳያቸው፣ ትራያንግሉን ከራሱ ግልባጭ ጋር ማወዳደር ነው፣ ኤቢሲን ከኤሲቢ ጋር፦ ኤቢ ከኤሲ፣ ኤሲ ከኤቢ፣ አንግል ኤ ያው ራሱ። ያቺ "ይታያል" ያለችህ ልጅ ይሄን በጣም የምትወደው ይመስለኛል።