ቦራ ከሞተ ወዲህ ዳማው አልበላም አለ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው የምንኖረው፤ አባቴ ባለ ጋሪ ነው። ቦራና ዳማ የሚባሉ ሁለት ፈረሶች ነበሩን፤ ማታ አንድ ጋጣ ያድራሉ። ባለፈው ሳምንት ቦራን ሆድ ቁርጠት ገደለብን። አባቴ እስካሁን ጋሪውን አልነካውም። ሰው ሲያጽናናው "ልጆቼን ያሳደገልኝ እኮ እሱ ነው" ይላል። እውነቱን ነው።

አሁን የጨነቀን ዳማው ነው። ቦራ ይቆምበት የነበረውን ጥግ እያሸተተ ያሽካካል። ገብስ ሰጠነው፣ ፉርሽካ በውሃ አርሰን አቀረብንለት፤ ከንፈሩን ነክሮ ይተወዋል። የእንስሳት ሐኪም አይቶት ትኩሳት የለውም፣ ሆዱም ደህና ነው አለን። ፈረስ ብቸኝነት አይወድም፤ ሌላ ለመግዛት ግን አሁን አቅም የለንም። ጎረቤታችን አህያውን ሊያውሰን ፈቅዷል። ጓደኛው የሞተበት ፈረስ የነበራችሁ፣ አህያ አብሮት ቢያድር ተጽናንቶ መብላት ይጀምራል?