የፎርሙላ 1 ሹፌር «በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ» ሲባል ስንቱ እጁ ይገባል?

የእሁድ ተመልካች፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዜና ላይ «እገሌ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ» ይባላል፤ ሌላ ቦታ የዚያው ሰው ገቢ ግማሽ ወይም እጥፍ ሆኖ ይጻፋል። የውድድሩ ሽልማት የማን ነው? ወኪሉ፣ ግብሩና የፈቃድ ክፍያው ሲነሳ ምን ይተርፋል? እዚያ እስኪደርስስ ቤተሰቡ ምን ያህል ያወጣል? አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ፒትሌን፦
የሽልማቱን ነገር እናስቀድም። በፎርሙላ 1 የሽልማት ገንዘብ የቡድኑ ነው እንጂ የሹፌሩ አይደለም። መጠኑም ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ በአምራቾች (ማለትም በቡድኖች) የነጥብ ሰንጠረዥ ስንተኛ እንደወጣ ታይቶ ይወሰናል። አሜሪካ ላይ በሚካሄደው የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ግን ሽልማቱ በይፋ ይነገራል፤ በ2023 (እዚህ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ያሸነፈው ጆሴፍ ኒውጋርደን 3.666 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ታውጆለታል። ያም ቢሆን ሹፌርና ቡድን የሚካፈሉት ገንዘብ ነው፤ ድርሻውን የሚወስነው ውላቸው ነው።

የፎርሙላ 1 ሹፌር የሚኖረው በውሉ ነው። ቋሚ ደመወዝ አለ፤ በዚያ ላይ በነጥብ፣ በድል ወይም በሻምፒዮንነት የሚታሰብ ቦነስ አለ። አንዱ ጋዜጣ ቋሚውን ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው ቦነሱ ሁሉ ቢገኝ የሚደረስበትን ጣሪያ ይጽፋል። ያየኸው ልዩነት ከዚህ ነው የሚመጣው። በ2021 የቡድኖች ወጪ በ145 ሚሊዮን ዶላር ሲገደብ የሹፌር ደመወዝ ከገደቡ ውጭ ስለተደረገ፣ ትልልቆቹ ቡድኖች ለሹፌር ሲከፍሉ ከዚያ ሂሳብ አይነካባቸውም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሱፐር ላይሰንስ፣ ማለትም ፎርሙላ 1 ለመንዳት የሚያስፈልገው ፈቃድ፣ ክፍያ ነው። በየዓመቱ ይታደሳል፤ መነሻ ሂሳብ አለው፣ ከዚያ ባለፈው ዓመት ለተገኘ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይጨመርበታል። ለ2024 መነሻው 10,400 ዩሮ ገደማ፣ የአንዱ ነጥብ ዋጋ 2,100 ዩሮ ገደማ ነበር። ማክስ ቨርስታፐን በ2023 የሰበሰበው 575 ነጥብ ነው። በ2,100 ሲባዛ 1,207,500 ይመጣል፤ መነሻው ሲደመር ከ1.2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ። ቡድኑ እንዲከፍል ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ብዙ ነጥብ ያመጣ ሹፌር ብዙ ይከፍላል። በነጥብ ቦነስ የሚደራደር ወኪል ይህን ቁጥር ቀንሶ ነው ማስላት ያለበት።

የወኪል ድርሻ ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢሆን የተለመደ ነው። ወሳኙ ጥያቄ ግን ከምኑ ላይ ነው የሚለው ነው፦ ከደመወዝ ብቻ? ከስፖንሰርም? ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሒሳብ ሹም፦
ግብሩን እኔ ልጨምር። «ሞናኮ ስለሚኖር ግብር የለበትም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሞናኮ የግል ገቢ ግብር እንደማትጠይቅ ልክ ነው። ፈረንሳዊ ዜጋ ግን በ1963 ሁለቱ አገሮች በተፈራረሙት ስምምነት ምክንያት እዚያ በመኖሩ ብቻ ከፈረንሳይ ግብር አያመልጥም።

ዋናው ነገር፣ ስፖርተኛ በሚወዳደርበት አገር ላይ ግብር ይጠየቃል። የአገሮች የግብር ስምምነቶች በአብዛኛው ይህን መብት ለውድድሩ አገር ይሰጣሉ። አሠራሩ በሥራ ቀን ነው። ለምሳሌ ያህል ሹፌሩ በዓመት 200 ቀን ይሠራል እንበል፤ ከእነዚህ 40ው እንግሊዝ ውስጥ ናቸው። ከ10 ሚሊዮኑ 2 ሚሊዮን የእንግሊዝ ገቢ ይሆናል። የእንግሊዝ ከፍተኛው የግብር መጠን 45 በመቶ ስለሆነ፣ ወጪ ሳይቀነስ ወደ 900 ሺህ ይጠጋል።

40 ቀን የበዛ አይምሰልህ። እንግሊዝ ውስጥ፣ ሲልቨርስቶን ሜዳ ላይ የሚካሄደው ውድድር አንድ ነው፤ ነገር ግን የቡድኖቹ ጣቢያ እዚያው እንግሊዝ ነው፦ መርሴዲስ ብራክሊ፣ ሬድ ቡል ሚልተን ኪንስ፣ ማክላረን ዎኪንግ ነው ያሉት። ሹፌሩ ሲሙሌተር (መንዳትን አስመስሎ የሚያለማምድ መሣሪያ) ላይ የዋለበት፣ ለስፖንሰር ፎቶ የተነሳበት፣ ከመሐንዲሶች ጋር የተሰበሰበበት ቀን ሁሉ ይቆጠራል። የስፖንሰር ገቢውም አያመልጥም፤ በ2006 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ሰሚ አካል በቴኒስ ተጫዋቹ አንድሬ አጋሲ ጉዳይ፣ ክፍያው በውጭ ኩባንያ በኩል ቢያልፍም ግብር እንደሚነካው ወስኗል። በባህሬን፣ በኳታርና በአቡዳቢ ግን የግል ገቢ ግብር የለም።

ስለዚህ ጥሩ ሂሳብ ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው የቀን መዝገብ ነው፦ የት አደረ፣ ምን ሠራ፣ ማን ከፈለ። መዝገቡ ከሌለ የግብር መሥሪያ ቤቱ በራሱ ግምት ያሰላል፤ ያ ግምት ደግሞ ለሹፌሩ አያደላም።

ካርቲንግ ቤት፦
ወደ ላይ መውጫውን በተመለከተ። ልጁ በ8 ዓመቱ ገደማ በካርት (በትንሽ የውድድር መኪና) ይጀምራል፤ ከዚያ ፎርሙላ 4፣ ፎርሙላ 3፣ ፎርሙላ 2። በሙያው ውስጥ የሚነገረው ግምት ለፎርሙላ 4 በዓመት ከ300 እስከ 500 ሺህ ዩሮ፣ ለፎርሙላ 3 ከ1 ሚሊዮን በላይ፣ ለፎርሙላ 2 ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ነው። ይህን የሚከፍለው ሹፌሩ ነው፤ ደመወዝ ገና አልጀመረም።

ቤተሰብን የሚያደኸየው የተነገረው ዋጋ ብቻ አይደለም። ከቡድኑ ጋር ስትፈራረም የአደጋ ጥገና፣ ተጨማሪ የልምምድ ቀንና ተጨማሪ ጎማ ለብቻ ሊታሰቡ ይችላሉ። የፊት ክንፍ፣ የጎን አካልና የጎማ ማያያዣ ክንዶች በአንድ ግጭት አብረው ሲሄዱ ሂሳቡ ወደ ልጁ ይመጣል። ከመፈረም በፊት «የጥገና ጣሪያው ስንት ነው?» ብሎ ማስጻፍ ያስፈልጋል።

ገንዘቡም ተገኝቶ ፈቃዱ ላይገኝ ይችላል። ሱፐር ላይሰንስ ለማግኘት ባጠቃላይ 18 ዓመት መሙላት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ 40 የፈቃድ ነጥብ (በሌሎች ውድድሮች በወጣበት ደረጃ የሚሰጥ እንጂ ክፍያው የሚታሰብበት የፎርሙላ 1 ነጥብ አይደለም) መያዝ፣ በፎርሙላ 1 መኪና 300 ኪሎ ሜትር መንዳት፣ የደንብ ፈተና ማለፍና ተራ የመንጃ ፈቃድ መያዝ ይጠበቃል። በፎርሙላ 2 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣ 40ውን በአንድ ዓመት ያገኛል፤ የፎርሙላ 3 ሻምፒዮን 30 ብቻ። በ2022 ኮልተን ኸርታ በአሜሪካው ኢንዲካር ውድድሮችን ያሸነፈ ሆኖ ሳለ 32 ነጥብ ብቻ ስለነበረው ወደ ፎርሙላ 1 ሳይገባ ቀረ።

አቅም የሌለው ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ እንደ ሉዊስ ሀሚልተን በቡድን መያዝ ነው፤ ማክላረንና መርሴዲስ ያስፈረሙት በ1998 በ13 ዓመቱ ነበር። ሁለተኛው ብድር ነው። ኒኪ ላውዳ የሕይወት ኢንሹራንሱን ዋስትና አድርጎ ከባንክ ተበደረ፤ 1972ን በፎርሙላ 1 ያለ አንድ ነጥብ ጨረሰ፣ በ1974 ፌራሪ ገባ፣ በ1975 ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬ ባለሀብት ገንዘብ ሰጥቶ የወደፊት ገቢውን በመቶኛ የሚወስድበት ውል አለ። የዓመት ገደብና የገንዘብ ጣሪያ ከሌለው ልጁ 35 ዓመቱ ድረስ ሲከፍል ይኖራል፤ እንዲህ ያለ ውል መፈረም የለበትም ባይ ነኝ።

የእሁድ ተመልካች፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቡድኑ ባይከፍልስ? ደግሞ ሁለት ቡድን «የኛ ነው» ቢልስ?

ፒትሌን፦
ሁለቱም ደርሷል። ሹፌሩ ኪሚ ራይኮነን በ2013 ከሎተስ ቡድን ጋር እያለ ደመወዙ እንዳልተከፈለው በአደባባይ ተናግሯል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ውድድሮች የጀርባ ቀዶ ሕክምና አድርጎ አልነዳም። በነጥብ ቦነስ እንደነበረውም በስፋት ተዘግቧል፤ ጥሩ በነዳ ቁጥር የአቅመ ደካማው ቡድን ዕዳ ይቆልላል ማለት ነው። ስለዚህ አነስተኛ ቡድን ጋር ሲፈረም የባንክ ዋስትና፣ በየወሩ የሚከፈል ሂሳብ፣ ክፍያው ከዚህን ያህል ቀን ካለፈ ሹፌሩ ውሉን ማፍረስ ይችላል የሚል አንቀጽ ያስፈልጋል።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ የውል ማረጋገጫ ቦርድ የሚባል አለ። በነሐሴ 2022 አልፒን የተባለው ቡድን ወጣቱን ሹፌር ኦስካር ፒያስትሪን አስፈርሜዋለሁ አለ፤ ልጁ በዚያው ቀን አስተባበለ። ቦርዱ መስከረም 2 በፈረንጆቹ፣ የሚጸናው ሐምሌ 4 ከማክላረን ጋር የተፈረመው ውል ብቻ ነው ብሎ ወሰነ።

አደጋውንም አትርሳ። የፎርሙላ 1 ሹፌሩ ሮበርት ኩቢካ በየካቲት 2011 ጣሊያን ውስጥ ራሊ (በተራ መንገድ ላይ የሚካሄድ የመኪና ውድድር) ሲነዳ ቀኝ ክንዱ ክፉኛ ተጎዳ፤ ወደ ፎርሙላ 1 የተመለሰው በ2019 ነው። የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ሲገዛ ከውድድር ውጭ ያለው ጊዜ፣ ስኪና ራሊ ጭምር ይሸፈን እንደሆነ አንብቦ ነው መፈረም።

የሞንዛ ወዳጅ፦
የስፖንሰር ቦታ ሳይነሳ እንዳይታለፍ። መኪናውና ልብሱ የቡድኑ ናቸው፤ ሹፌሩ ሊሸጥ የሚችለው ውሉ የተወለትን ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ኮፍያውንና የራስ ቁሩን ጥቂት ቦታ። ላውዳ በ1976 በውድድር ላይ ተጋጭቶ ከተቃጠለ በኋላ ጠባሳውን የሸፈነበትን ቀይ ኮፍያ ግንባር ለስፖንሰር አከራይቶ ዕድሜውን ሙሉ ገቢ አደረገው።

ሀብት ግን ከውድድር በኋላም ይሠራል። የ1979ኙ ሻምፒዮን ጆዲ ሼክተር በ1980 ካቆመ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት የተኩስ ማሠልጠኛ ሲሙሌተር የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያውን ሸጦ እንግሊዝ ውስጥ ሰፊ እርሻ ገዛ። ላውዳም አየር መንገዱን የመሠረተው በ1979 ነው። ስለዚህ «የሹፌር ሀብት» የሚል ዝርዝር ስታይ ከደመወዝ የመጣውንና ከንግድ የመጣውን ለይቶ ካላስቀመጠ ሁለት ሹፌሮችን ለማወዳደር አትጠቀምበት።