ባለ 3 ሲሊንደሩ ቪትዝ ለደሴ ዳገት ይሆናል? 1ኬአር ሞተር ምታውቁ

የሰኞገበያው፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ከረማችሁ። መኪና ልገዛ ነውና አንድ ነገር ላማክራችሁ። ደሴ ነው ምኖረው ስራዬ ግን ኮምቦልቻ ነው፣ ስለዚህ መሃል ያለችውን የሀረጎን ዳገት ጠዋት ወርጄ ማታ እወጣታለሁ ማለት ነው፣ አልፎ አልፎ እናቴ ጋ ሀይቅ፣ ለበአል ደግሞ ወልዲያ። አንድ ቪትዝ አግኝቻለሁ የ2007 ስሪት፣ ቦዲው ንፁህ ነው ሊብሬውም ችግር የለበትም ግን ሞተሩ ባለ 3 ሲሊንደር 1000 ሲሲ ነው። ቆሞ ሲሰራ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ በተለይ ዲ ላይ ሆኖ ፍሬን ይዤ ኤሲ ሳበራ። ደላላው የነዚህ ተፈጥሯቸው ነው ይለኛል፣ ጓደኛዬ ደግሞ 3 ሲሊንደር ሀረጎ ላይ ትፈላብሃለች ጨምረህ 1.3ቱን ግዛ ይላል። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ዋጋው እንደምታውቁት ነው፣ ያጠራቀምኳትን በሙሉ ነው ማወጣው። እና ሞተሩን በደንብ ምታውቁት በአላህ ንገሩኝ፣ ምኑ ነው ሚበላሸው? ሳየውስ ምን ምኑን ልይ?

14ቁልፍ፦
አብሽር ወንድሜ ሞተሩን አትፍራው። እኔ ኮምቦልቻ መካኒክ ነኝ፣ እነዚህ ሞተሮች ከእጄ አይጠፉም። 1ኬአር ኤፍኢ ይባላል፣ የሰራው ዳይሃትሱ ነው፣ ቶዮታ ቪትዝና ፓሶ ላይ ገጠመው፣ አውሮፓ ደግሞ አይጎ ላይ፣ ፔጆ 107 እና ሲትሮን ሲ1ም ይሄንኑ ነው ይዘው የወጡት። 998 ሲሲ፣ 12 ባልቮላ፣ ቪቪቲ አይ (ባልቮላው ሚከፈትበትን ጊዜ እንደ ዙሩ ሚያስተካክል)፣ 71 የፈረስ ጉልበት በ6000 ዙር፣ ጉተታው 94 ኒውተን ሜትር በ3600 ዙር። ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ ሞተሩ ብቻውን 70 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከ2007 እስከ 2010 በተከታታይ ከ1 ሊትር በታች ባሉት ምድብ የአመቱ ምርጥ ሞተር ተብሎ የተሸለመ ነው፣ ዝም ብሎ ርካሽ ሞተር እንዳይመስልህ። ታይሚንጉ (ባልቮላውን ከፒስተኑ ጋር ሚያቀናጀው) በካቴና ነው በቺንጊያ አይደለም፣ ስለዚህ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት እዚህ ኪሎሜትር ላይ ቀይር ሚባል ነገር የለውም።

ወደ መንቀጥቀጡ ስመጣ ደላላው ግማሹን እውነት ነው የነገረህ። 3 ሲሊንደር ነው፣ ንዝረቱን ሚያመዛዝንለት ዘንግም አልተሰራለትም፣ ስለዚህ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሰራ ማለት ነው፣ ትንሽ መንዘሩ ያለ ነው። ግን ንዝረቱ እኩል መሆን አለበት። እየዘለለ እየተቆራረጠ ሚመታ ከሆነ አንዱ ሲሊንደር አልተኮሰም ማለት ነው፣ ካንዴላ ነው ወይ ኮይል፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ኮይል ስላለው አንዱ ሲሞት ከሶስት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ዙሩ ከፍ ዝቅ እያለ ሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ አየር ሚያስገባው በር) ጥላሸት ይዞ ነው፣ ይታጠባል ይስተካከላል። ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ያለቀም እንደዛው መሪ ላይ ይመጣል፣ አንተ ያልከው ዲ ላይ ፍሬን ተይዞ ሚብሰው አይነት ይሄን ይመስላል ግን ሳላይ አልፈርድም። ቼክ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን እዛው አቁመው፣ ሳይቃጠል ሚወጣው ቤንዚን ካታሊቱን (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) ነው ሚጨርሰው።

የዚህ ሞተር ዋናው በሽታው ዋተር ፓምፑ ነው። ከውጪ ባለው ቺንጊያ ነው ሚዞረው፣ ሲደክም ድንገት አይፈስም ጠብታ ጠብታ ነው ሚያወጣው፣ እሱም ሞተሩ ላይ ስለሚደርቅ መሬት ላይ ምንም አታይም። ባትሪ አብርተህ በቺንጊያው በኩል ፓምፑ ስር ተመልከት፣ ነጭ ወይ ሮዝ ዱቄት የመሰለ ነገር ደርቆ ካየህ አልቋል። ኩሽኔታው ሲሄድ ደግሞ ያፏጫል። ሰዉ ውሃው ለምን ይጎድላል ሳይል ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውሃ እየሞላ ይነዳል፣ ከዛ አንድ ቀን ይፈላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል ከስሩ ያለው ማሸጊያ ጋርኒሲዮኑ ይሄዳል፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ላይ ምህረት የለውም። እኔ ጋ ተጎትተው ከሚመጡት 1ኬአሮች አብዛኞቹ ታሪካቸው ይሄው ነው።

ሸዋበር፦
14ቁልፍ ያለው ትክክል ነው። እኔ ይሄንኑ መኪና ደሴ ላይ ይዤ አመታት ነድቼዋለሁ፣ ኮምቦልቻም ባቲም ተመላልሼበታለሁ አልፈላብኝም። ግን ጉልበቱን እንዳለ ልንገርህ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ 71ዱ ፈረስ እኛ ጋ 54 አካባቢ ሆነ ማለት ነው። 1.3ቱ ሞተሩ 2ኤስዜድ ሚባለው ከሆነ 1296 ሲሲ 87 ፈረስ ነው፣ እሱም ደሴ ላይ ሲወጣ 66 አካባቢ ይሆናል፣ ማለትም 1.3ቱ ደሴ ላይ ሚሰጥህ ጉልበት 1000ው አሰብ ላይ ሚሰጠውን እንኳ አያክልም። ብቻህን ወይ ሁለት ሆናችሁ ምትመላለሱ ከሆነ 1000ው ይበቃሃል፣ አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭነህ ሀረጎን ምትወጣ ከሆነ ግን ጓደኛህ ልክ ነው ጨምርና 1.3ቱን ያዝ።

ስትወጣ ከከባድ መኪና ኋላ ተለጥፈህ ነዳጅ እስከ ወለሉ እየረገጥክ አትውጣ፣ ቦታ ሰጥተህ ዙሩ ሳይጮህም ሳይታፈንም ውጣ። ስትወርድ ደግሞ በናትህ ኤን ላይ አድርገህ አትልቀቀው። ነዳጅ ይቆጥባል ሚሉት ውሸት ነው፣ የኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፣ ኤን ላይ ሲሆን ነው ሚኒሞውን ለመያዝ ሚጠጣው። ፍሬኑም ይግላል። ዝቅ ያለውን ማርሽ ይዘህ በሞተር እየተያዝክ ውረድ።

ሌላ ደግሞ ስትሞክረው ባለቤቱን ሀረጎን እንውረድ በለው። በሞተር ተይዘህ ቁልቁለቱን ጨርሰህ ሜዳው ላይ ስትደርስ ነዳጅ ስትሰጠው በስፖኪዮ ኋላህን እይ። ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ከወጣ የባልቮላ ጎሚኒው ደክሟል ዘይት እያሳለፈ ነው። ዳገት ላይ ሳያቋርጥ ካጨሰ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ እሱን ተወው አትግባበት።

የሀይቋ፦
ስለመፍላቱ አንድ ነገር ልጨምር ሰው ማይነግርህ ስለሆነ። ደሴ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ነው ሚፈላው፣ ሽሮ እንኳ እዚህ ቶሎ ማይበስለው ለዛ ነው። የሞተር ጤነኛ ሙቀት ደግሞ 90 አካባቢ ነው። ታዲያ ለምን ሁሌ አይፈላም ካልክ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው፣ 1.1 ባር ሚይዝ ጤነኛ ክዳን ከሆነ እስከ 118 ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ ኩላንት ከተደረገበት ከዛም በላይ። ክዳኑ ጎሚኒው ከደረቀ ግን ግፊት አይዝም፣ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ዳገት ላይ ይፈላል፣ ሰው ሞተሬ ሞተ ብሎ ቴስታታ ያስወርዳል። ኮምቦልቻ እኮ 1850 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዛ ደህና የነበረው ደሴ መውጫ ላይ ሚፈላው በዳገቱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክፈተውና ጎሚኒውን እየው፣ ሙቅ እያለ እንዳትነካው ፊትህን ነው ሚያቃጥልህ። ከተጠራጠርክ በአዲስ ቀይረው።

ደግሞ ይሄ ቪትዝ የሙቀት መርፌ የለውም። ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ሲግል ቀይ መብራት፣ በቃ። ቀዩ ሲበራ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ሚገናኝ የኮምፒውተር ማንበቢያ አለ፣ እሱን ሰክተህ ዲግሪውን ስልክህ ላይ እያየህ ውጣ፣ ለዚህ ሞተር ከምታወጣው ሁሉ ጥሩው ወጪ እሱ ነው ብዬ ነው ማምነው።

የሰኞገበያው፦
ወላሂ አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት ሳይነሳ ሄጄ አየሁት። ፓምፑ ስር ያላችሁት ነጭ ነገር አለ፣ በጥፍሬ ስፍቀው ይራገፋል። የማጠራቀሚያው ውሃም ከታችኛው መስመር በታች ነው፣ ቀለም የለውም ዝም ብሎ ውሃ ነው። ሲነሳ ለሁለት ሰከንድ ያህል ካቴና ሚንኳኳ አይነት ድምፅ ሰጥቶ ጠፋ። ዘይቱን ሳወጣው ጥቁር ነው መጠኑ ግን ሙሉ ይላል። ሀረጎን ወርደን ጭስ አላየሁም፣ ዝላይም የለውም ንዝረቱ እኩል ነው። ይሄ እንዴት ይታያል? ልተወው?

14ቁልፍ፦
አትተወው፣ ዋጋ አስቀንስበት። መጀመሪያ ዘይቱን የት ቆሞ ነው የለካኸው? ደሴ ሰፈሩ ሁሉ ዳገት ነው፣ አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ የቆመ መኪና ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሄድና ጎድሎ ሳለ ሙሉ ሊመስል ይችላል። ሜዳ ላይ አቁመህ ድጋሚ ለካው። ይሄ ሞተር ከነፊልትሮው 3 ሊትር ትንሽ አለፍ ሚል ዘይት ነው ሚይዘው፣ ግማሽ ሊትር ጎደለ ማለት ትልቅ ነገር ነው፣ የካቴናው መወጠሪያም ቪቪቲ አዩም በዘይት ግፊት ነው ሚሰሩት። የሁለት ሰከንዱ ድምፅ ዘይቱ በማርጀቱ ሊሆን ይችላል፣ 5 ደብሊው 30 አስገብተህ ፊልትሮ ቀይረህ ከሳምንት በኋላ ጠዋት ስማው፣ ከጠፋ ጠፋ፣ ካልጠፋ ግን መወጠሪያውና ካቴናው መታየት አለባቸው፣ ያንን ወጪ ከአሁኑ በሂሳብ ያዘው።

ከመክፈልህ በፊት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ሚይዙትን ግፊት) አስለካ፣ ሶስቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ካነበቡ ግባበት፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ስንት ቢቀንስልህም አይሆንህም። ውሃው ውስጥም እይ፣ ዘይት ሚንሳፈፍ ከሆነ ወይ ሞተሩ እየሰራ ማያቋርጥ አረፋ ካለ ጋርኒሲዮኑ ሄዷል። ከገዛኸው ፓምፑን፣ ቺንጊያውን፣ ቴርሞስታቱንና ክዳኑን አንድ ላይ ቀይር፣ አንዴ ከተፈታ የእጁ ዋጋ ያው ነው። የቧንቧ ውሃው ተጠርጎ ወጥቶ ኩላንት ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ይግባበት፣ አየሩ በደንብ ይውጣለት፣ አየር የያዘ እንደሆነ ፓምፑ አዲስ ሆኖም ይፈላል። በማግስቱ ሲቀዘቅዝ መጠኑን እይ፣ ትንሽ ከወረደ ሙላው፣ በሳምንቱም ከወረደ ያኔ ይዘኸው ና።