በበጋው ውርጭ ወሎ ተራራ ላይ ለሚያድር ጀማሪ የሚሆን ጥቆማ

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በወሎ ደጋ በእግር ተጉዞ ተራራ ላይ ለማደር ለሚያስብ ጀማሪ የሚከብደው ቀኑ ሳይሆን ሌሊቱ ነው። ደመና ስለማይኖር ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ በፍጥነት ያጣል፤ ሲነጋም ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ስለዚህ ከጫማና ከጃኬት በፊት ለመኝታ ገንዘብ እንድታወጡ እመክራለሁ።

ብዙ ሰው የሚመኘው ከላሊበላ በላይ ያለውን፣ 4,260 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን አቡነ ዮሴፍን ነው፤ ጅባራው፣ ጭላዳው፣ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮው የሚታይበት በመሆኑ ምኞቱ ተገቢ ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ ግን በላሊበላ አቅራቢያ ያለውን፣ ከአቡነ ዮሴፍ ዝቅ የሚለውን የመቄት ደጋ አስቀድማለሁ። በገደሉ አፋፍ ላይ የአካባቢው ገበሬዎች የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች ስላሉ ድንኳን መሸከም አያስፈልግም፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስም ሌሊቱ ከአቡነ ዮሴፍ ይልቅ ይቻላል። ጎጆዎቹ እንግዳ እየተቀበሉ መሆናቸውንና የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት ላሊበላ ካሉ አስጎብኚዎች ጠይቁ።

ለምንጣፍ ከተማ የሚሸጠው ስፖንጅ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሆኖም ዳሌና ትከሻ ሲጫኑት ስለሚሳሳ የመሬቱን ቅዝቃዜ ያሳልፋል። ጸጉሩ ያልረገፈ የበግ አጎዛ ከእርሱ በእጅጉ ይሻላል፤ ሁለቱን ደርቦ መተኛት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ለልብስ ከሱፍ የተሠራው ባና በእርጥበትም ጊዜ ሙቀት ይይዛል፤ ክብደቱ ግን በጀርባ የሚቻል አይደለም፤ ባና የመረጠ ሰው በቅሎ ከነባለቤቱ መከራየት ይኖርበታል። ለአካባቢው ሰው ገቢ ስለሚሆን፣ ጀማሪውንም ከሸክም ስለሚያሳርፍ ይህን ወጪ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ራሱ ተሸክሞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ከሰልባጅ ተራ የመኝታ ከረጢት ሲገዛ በመለያው ላይ ከተጻፉት የሙቀት ቁጥሮች ዝቅተኛውን አይመን፤ እርሱ በሕይወት የመቆያ ወሰን እንጂ ተመችቶ የመተኛ ልክ አይደለም። ጋቢ በደረቁ ጥሩ ነው፤ በላብ የራሰ የጥጥ ካናቴራና ካልሲ ግን ከመተኛት በፊት መቀየር አለበት።

ትንንሾቹ የጋዝ ቆርቆሮዎች ለዚህ ጉዞ አይመቹም፤ ቡቴን ብቻ የያዙት ከዜሮ ዲግሪ በታች መትነን ያቆማሉ፣ በአውሮፕላንም ይዞ መሄድ ክልክል ነው። የነጭ ጋዝ ምድጃ ይሻላል። አስታውን ቆርጦ ማንደድ ፈጽሞ አይገባም፤ በዚያ ከፍታ ዛፍ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ከያዛችሁ የምግብ ነገር አያሳስብም።

ከኮምቦልቻ ወይም ከሌላ ዝቅ ያለ ስፍራ የሚነሳ ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት ደሴ ወይም ላሊበላ ይደር። ከ3,000 ሜትር በላይ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ሽቅብ መሄድ ይቁም፤ ካልተሻለም ወዲያው ቁልቁል ይወረድ። ከመንገድ መሪውና ከበቅሎው ባለቤት ጋር ስትዋዋሉ፣ በሕመም ምክንያት ቀድማችሁ ብትመለሱም ሙሉ ሒሳባቸው እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ያን ጊዜ ለመውረድ የሚያቅማማ አይኖርም።