መድኃኒቱን ካቋረጠ በኋላ ስለ ባሰበት ወንድሜ ምክር እጠይቃለሁ

የሐይቅ ልጅ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው የሚጥል በሽታ ስላለበት ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 16 ሲሆን ከአባትና ከእናታችን ጋር በተሁለደሬ ገጠር ይኖራል፤ እኔ የምሠራው ደሴ ነው። ሕመሙ የጀመረው በ11 ዓመቱ ነበር። በ13 ዓመቱ በጤና ጣቢያ ፌኖባርቢታል ታዘዘለት፤ አልፎ አልፎ ቢዘለልም ማታ ማታ ሲወስደው ቆየ፤ እናቴ ጠበቅ አድርጋ መከታተል ከጀመረች ወዲህ ደግሞ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥለው የነበረው ልጅ ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይጥለው ከረመ።

አባታችን ይህን አይቶ «ልጁ ድኗል፣ ከእንግዲህ ኪኒን ምን ያደርግለታል» ብሎ አስቆመው። ዘመዶችም መድኃኒት እየወሰደ ዱዓው አይይዝለትም ስላሉ፣ ኪኒኑ ከቀረ በኋላ ወዳጃ የሚባለው የጋራ ዱዓ ተደረገለት። በአሥረኛው ቀን ሌሊት ጣለው፤ በማግስቱም ሦስት ጊዜ ደጋገመበት። የመጨረሻው እናቴ ቡና ከምታፈላበት ምድጃ አጠገብ ስለነበር ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ተቃጠለ። ያን ቀን ደፍረው ያነሡት እናቴና አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ አረፋው እንዳይነካቸው ፈርተው ራቅ ብለው ቆሙ፣ አንዱም ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዘለት።

አሁን ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ይጥለዋል። የሚጥለው በሽታው ነው ወይስ መድኃኒቱ ሱስ ሆኖበት ነው? ከድሮው የተረፈ ኪኒን ቤት ስላለ እሱን ብንሰጠውስ? አባቴ ልጁን የሚወድ፣ ለእሱ ሲል ላሙን እንኳ የሸጠ ሰው ስለሆነ ተቆጥቼ ሳይሆን አስረድቼ ልመልሰው እፈልጋለሁ።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦

ወአለይኩም ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ። በየሁለት ቀኑ የሚጥለውና የተቃጠለ ልጅ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ነገውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የተረፈውን ኪኒን በግምት አትስጡት፤ መጠኑ የሚወሰነው በክብደት ነው፣ በ13 ዓመቱ የታዘዘለት ዛሬ ላይበቃው ይችላል። የኪኒኑን ማሸጊያና የቀድሞ ካርዱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ሲጥለው ከቤተሰቡ አንዱ በስልክ ቢቀርጸው ለሐኪሙ ብዙ ይጠቅመዋል፣ ምክንያቱም ይህ ሕመም ከሁሉ በላይ የሚለየው አወዳደቁ በትክክል ሲነገር ነው።

እጁን በተመለከተ፣ ቁስሉ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቡበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አምጡት። በሥራዬ ካየኋቸው ቃጠሎዎች መካከል ብዙዎቹ መድኃኒት ያቋረጡ የሚጥል በሽታ ሕሙማን ናቸው፤ ሁልጊዜም ያንገበግበኛል። ምድጃው በጭቃ ከፍ ብሎ ቢሠራና ልጁ ብቻውን እሳት ዳር ባይቀመጥ ይህ አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ሐይቁም ቅርባችሁ ነውና ብቻውን እንዳይዋኝ።

ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፣ ድንጋይና እሳት ከአጠገቡ አርቁ። በጥርሱ መካከል ማንኪያም ሆነ ጣት አይግባ። ክብሪቱ ምንም አያደርግለትም፤ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር ነው። አረፋው ምራቅ ነው፣ ሕመሙም በንክኪ አይተላለፍም። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሳይነቃ ሌላው ከተከተለ ግን ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ሐኪም፣ ደሴ፦

ስለ ሱስ የጠየቁት ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ በልቡ ይዞት የሚኖር ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልሰው። አንጎል የሚሠራው የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ በሚለዋወጡት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ በዚህ ሕመም ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ያለ ልክ ምልክት ስለሚለቁ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየውም ራሱን ይስታል። ፌኖባርቢታል ሕዋሳቱን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል፤ ለዚህ ሕመም መሰጠት የጀመረውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ነው። አንጎል ይህን እርጋታ ከለመደ በኋላ መድኃኒቱ በድንገት ሲቀርበት ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ ይናወጣል። ስለዚህ ወንድምዎን የሚጥለው መሠረቱ በሽታው ነው፣ ያባባሰው ደግሞ ድንገተኛው ማቋረጥ ነው። ሱሰኛ ሆኖ መድኃኒት የሚሻ ልጅ አይደለም።

በአሥረኛው ቀን መሆኑም እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ መድኃኒት በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሦስት አራት ቀን ያህል ስለሚፈጅበት ውጤቱ ቀስ እያለ ነው የሚሟጠጠው፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መዋጡ የሚበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለረመዳንም የሚመች ነው፣ ከፍጡር በኋላ ሊወስደው ይችላል። ነገር ግን ለስሑር ሲባል እንቅልፍ ማጣት መውደቅን ያመጣልና ሕመሙ ገና ሳይረጋ ስለ መጾሙ ከሐኪሙም ከሼኹም ጋር መነጋገር ይገባል።

አባትዎ ስምንት ወር ሳይጥለው ሲቀር ድኗል ብለው መደሰታቸው የሚገባ ደስታ ነበር፤ ልጁን እንዳይጥለው ያደረገው ግን ኪኒኑ ነበር። መድኃኒት ማቆም የሚታሰበው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጥለው ከቆየ በኋላ ነው፤ ያኔም በሐኪም ክትትል በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንጂ በአንድ ቀን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሚገባ ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱ ሕሙማን ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ሰው ስለሚደብቀው ብርቅ ይመስላል እንጂ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራው ጥናት ያገኘው ከ1,000 ሰው 5 ያህሉን ነው።

ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ጀምሮለት ካልረጋ ወደ ሆስፒታል ይላኩት። እዚያ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግበው ኢኢጂ የተባለ ምርመራ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ውጤቱ ደህና ነው ቢባል እንኳ ሕመሙ የለም ማለት እንዳልሆነ ለቤተሰቡ አስቀድመው ይንገሯቸው።

የወረኢሉ እናት፦

ልጄ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ያንቺ ቤት ወዳጃው እንደሆነ ሁሉ የኔ ቤት ጠበሉ ነበር። ሴት ልጄን ጠበል ስወስዳት ኪኒኗን ደብቄ አስቀረሁባትና በሦስተኛው ሳምንት ከጠበሉ ደጅ ወደቀች። ያነሷት ቄስ ነገሩን ሲሰሙ «ጠበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ፤ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ጠበሉንም ሐኪሙንም አልተውንም። አባትሽን ካንቺ ይልቅ የሚያከብሩት ሼኽ ቢያናግሯቸው ይሰማሉ፤ ዱዓውን ተዉ አትበያቸው፣ ኪኒኑን ከዱዓው ጋር አስኪጂው።

ሴት ልጅ ላላቸው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ ትወስድ የነበረው ቫልፕሮት የተባለውን ነበር፤ ከማግባቷ በፊት ሐኪሟ ፅንስ ይጎዳል ብሎ ወደ ሌላ ቀየረላት። ይህን ሳንጠይቅ ብንቀር ኖሮ ብዬ እስካሁን እደነግጣለሁ።

የሐይቅ ልጅ፦

አላህ ይስጥልኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ በአዲስ መጠን ጀመረ፤ ቁስሉም እየታሸገለት ነው። የሰፈራችን ሼኽ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባቴን አነጋገሩትና አሁን ኪኒኑን ከመግሪብ በኋላ በእጁ የሚሰጠው እሱ ነው። ነገር ግን ከጀመረ በስድስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ጣለው፤ አባቴም «ይኸው አልሠራም» ማለት ጀምሯል። ምን ልበለው?

ሐኪም፣ ደሴ፦

መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠን ላይ ለመድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስድበታል ይበሏቸው። በስድስተኛው ቀን መውደቁ አልሠራም አያሰኝም። የጣለውን ቀንና ሰዓት በደብተር ይጻፉት፣ ኪኒኑ ሳያልቅ ከሳምንት በፊት ይተካ፣ የቆዳ ሽፍታ ከታየ ወይም ልጁ ቀን ቀን እንቅልፍ ከበዛበት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።